በደም ቅንጣት መስፈር፦ የማይክሮስኮፕ ልኬት እስከ ይፋት ቆላ የመጣበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ይወጣና ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይወርዳል። ደጋ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ቆላው ላይ ሲደርስ ይሞቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የይፋት ቆላዋ ሸዋ ሮቢት የማሾ፣ የሽንኩርት፣ የትምባሆና የፍራፍሬ አገር ናት። ክረምቱ አልፎ ውኃ በየጉድጓዱ ሲቋጠር ደግሞ የወባ አገር ትሆናለች።

በዚያ ወቅት በቆላው ጤና ጣቢያ የሚሠራው ሥራ ከዓመት ዓመት አንድ ነው። ከታማሚው ጣት አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ጊምሳ በተባለው ቀለም ይነከራል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተውሳኩ አለ ወይ?» የሚል ነው። መድኃኒቱን የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው፦ «የትኛው ነው?» ለዚህ መልስ ለማግኘት መጠን ማወቅ ግድ ይላል። ተውሳኩ የተቀመጠው አብጦ በሰፋ የደም ሴል ውስጥ ነው ወይስ መጠኑ ባልተለወጠ ሴል ውስጥ? ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ሴል ጋር ሲተያይስ?

ማይክሮስኮፕ አጉልቶ እንደሚያሳይ ሁሉም ያውቃል። መለካት መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ ያ ልኬት በየትኛው መንገድ እስከ ይፋት ቆላ እንደ ደረሰ ግን በሙሉ ሲተረክ አይሰማም። የበሽታ ምርመራ፣ ማለትም ፓቶሎጂ፣ የታመነው ግን መለካት ከጀመረ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1665 እስከ 1718፦ የአሸዋ ቅንጣትና የብር ሽቦ

አባቶቻችን ጨርቁን በክንድ፣ ጠባቡን ነገር በስንዝርና በጋት፣ እህሉን በቁና ሰፈሩ። ሰው መለካት የሚጀምረው በእጁ ካለው ነገር ነው። በማይክሮስኮፕ ያዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» የገለጸው ዘዴ ሁለቱንም ዓይን የሚያሠራ ነበር፤ አንዱ ዓይን በሌንሱ ውስጥ የጎላውን ነገር ሲያይ ሌላው ከጎን የተቀመጠውን ማስመሪያ ያያል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲደራረቡ መጠኑ ይነበባል።

የሆላንዱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ መስፈሪያው የአሸዋ ቅንጣትና ፀጉር ነበር። ቀይ የደም ሴል ከአንዲት ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣት 25,000 ጊዜ ያንሳል ብሎ ጻፈ። ግምቱ አስደናቂ ነው። ችግሩ የአሸዋ ቅንጣት ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። የደልፍት አሸዋ ከለንደን አሸዋ ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የአንዱን ልኬት ሌላው ሰው በራሱ ቤት ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ይህን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ጁሪን ነው። በ1718 ገደማ እጅግ ቀጭን የብር ሽቦ ወስዶ በመርፌ ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ ጠመጠመ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቆጥሮ የሽቦውን ውፍረት አወቀ። ከዚያ ሽቦውን ቆራርጦ ከደሙ ጋር ሌንስ ሥር አኖረውና የደም ሴሎቹን ከሽቦው ውፍረት ጋር አስተያየ። ሽቦና መርፌ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ደግሞ ማየት ቻለ። በማይክሮስኮፕ የታየ ነገር ከአንድ ሰው ምስክርነት አልፎ ሌላው ሊፈትነው የሚችል ቁጥር የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ከ1846 እስከ 1879፦ መስታወት ላይ የተሰመረው መስመር

ቀጣዩ ታላቅ ለውጥ የመጣው ከዕደ ጥበብ ነው። ካርል ዛይስ በ1846 በጀርመን የና ከተማ ወርክሾፕ ከፈተ። በኋላ አብሮት የሠራው የፊዚክስ ሊቅ ኧርንስት አበ በ1873 ማይክሮስኮፕ እስከ ምን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ ማሳየት እንደሚችል በስሌት አስቀመጠ። ሌንስ በልምድና በሙከራ መሠራቱ ቀርቶ በሒሳብ መሠራት ጀመረ። በዚያው ዘመን በርሊን ላይ ሩዶልፍ ፊርሖ በ1858 ባሳተመው ሥራው በሽታ የሚጀምረው ከሴል ነው ብሎ አስተማረ። በሽታ ሴል ውስጥ ካለ ሐኪሙ የሴልን መጠን ማወቅ ግዴታው ሆነ።

መስታወት ላይ መስመር የሚያሰምሩ ባለሙያዎች አንድ ሚሊሜትርን በ100 እኩል ክፍል መክፈል ቻሉ። የሚሊሜትር ሺኛ ክፍል «ማይክሮን» የሚል ስም በ1879 በይፋ አገኘ፤ ዛሬ ማይክሮሜትር የምንለው ነው።

ዛሬም ድረስ በየላብራቶሪው የሚሠራበት ዘዴ የዚያን ዘመን ነው። ሁለት መስታወቶች ናቸው። አንደኛው በዓይን ሌንሱ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ማስመሪያ የተከፋፈለ ክብ መስታወት ነው። መስመሮቹ በራሳቸው ዋጋ የላቸውም፤ ቁጥር እንጂ ርዝመት አይናገሩም። ሁለተኛው ስቴጅ ማይክሮሜትር የሚባለው ስላይድ ነው፤ በላዩ ላይ አንድ ሚሊሜትር በ100 ተከፍሎ ተሰምሯል፤ እያንዳንዱ ክፍል 10 ማይክሮሜትር ነው። ባለሙያው ሁለቱን መስመሮች ዜሮ ላይ ያገጣጥማቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የት ላይ እንደገና እንደሚገጥሙ ይፈልጋል። ለምሳሌ በ40 ኦብጀክቲቭ (ወደ ናሙናው የሚጠጋው፣ 40 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስ) የዓይን ሌንሱ 40 መስመር ከስላይዱ 10 ክፍል ጋር ከገጠመ፣ 40ው መስመር 100 ማይክሮሜትር ነው፤ አንዱ መስመር 2.5 ማይክሮሜትር ይሆናል።

ኦብጀክቲቩ ሲቀየር ዋጋው ይቀየራል። ማይክሮስኮፑ ሲቀየርም እንዲሁ። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እንደሚለይ ነጋዴ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የላብራቶሪ ባለሙያም የገዛ ማይክሮስኮፑን ስፍር ማወቅ አለበት።

ከ1851 እስከ 1915፦ ሁለቱ የቆላ በሽታዎች ማንነታቸው ታወቀ

ይፋትን ጨምሮ የአፍሪካን ቆላዎች ያስጨነቁ ሁለት በሽታዎች በዚህ ዘመን ተለዩ። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ከሰው ሬሳ የደም ሥር አንድ ትል አገኘ፤ በሽታው በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን በኅዳር 1880 በአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን ከተማ በታማሚ ወታደር ደም ውስጥ የወባን ተውሳክ አየ።

ሁለቱም ግኝቶች ክርክር አስነሡ፤ ክርክሩም የቅርጽና የመጠን ነበር። የቢልሃርዚያ እንቁላል አንዳንዱ እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጎኑ ላይ። አንድ ትል ሁለት ዓይነት እንቁላል ይጥላል የሚሉ ነበሩ። በ1915 ሮበርት ላይፐር ግብፅ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ትሎች እንደሆኑ፣ በተለያዩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥም እንደሚያድጉ አሳየ። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ እንቁላሉ ከ114 እስከ 180 ማይክሮሜትር ይረዝማል። እሾሁ ጫፉ ላይ የሆነው የሽንት ፊኛን ያጠቃል።

ወባም አንድ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። የጣሊያን ሐኪሞች የተለያዩ የወባ ዓይነቶችን ለዩ፤ ጉስታቭ ጊምሳ በ1904 ያወጣው የቀለም ዘዴ ደግሞ ተውሳኩን አጉልቶ አወጣው። ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ድንቅ የሆነ ማስመሪያ እዚያው ደሙ ውስጥ አገኙ። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ስፋቱ 7.5 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ቫይቫክስ የተባለው ወባ የያዘው ሴል ያብጣል፤ አንዳንዴም ከጎረቤቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ፋልሲፓረም የያዘው ሴል ግን መጠኑን አይለውጥም። ደም ራሱ መስፈሪያውን ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ ርቆ ያለ፣ ገንዘብ ያነሰው ላብራቶሪም አይቸገርም።

ከ1896 እስከ 1959፦ ንዳድ ቁጥር አገኘ

ይፋት ጥንታዊ አገር ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የወላስማ ሡልጣኖች የገዙት፣ ወደ ዘይላ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ የሚያልፍበት ምድር ነበር። ኋላም የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ከትመው ቆላውን ከላይ ያዩት ነበር። ደገኛ ቆላን የሚፈራው በንዳዱ ነው። ለማረስና ለመነገድ ይወርዳል፤ ለማደር ወደ ዳገቱ ይመለሳል። ንዳድ ስም ነበረው፤ ልኬት ግን አልነበረውም። ስንት ሰው እንደያዘ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚናገር አልነበረም።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ከመቅደላ በሕፃንነቱ ተወስዶ በሕንድና በብሪታንያ ሕክምና የተማረው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አገሩን መልሶ ያገኘው በ1899 ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ተከተለ። የምርመራ ሳይንስ ቤት ያገኘው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚያ ሐረግ ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ።

ከዚያ 1958 መጣ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ማብቂያ እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ። ዝናቡ በዝቶና ቆይቶ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ወባ ቆላውን ለቆ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ከፍታ ወጣ፤ ለበሽታው ምንም መከላከያ ያልነበረውን ሕዝብ አገኘ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ንዳድ የቆላ ነው የሚለው የዘመናት እምነት በአንድ ወቅት ፈረሰ።

ያ እልቂት መንግሥትን አስነሣ። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ዲዲቲ የሚረጩትን ሠራተኞች ነው፤ የዘመቻው ዓይን ግን ማይክሮስኮፕ ነበር። የወባ ሠራተኞች ከየቤቱ የደም ስላይድ ይሰበስባሉ፤ ባለሙያዎች ያነቡታል፤ የትኛው መንደር እንደተረጨና የትኛው እንደቀረ በዚያ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ የሚሆን አዲስ ሙያተኛ ተፈጠረ፦ ቀኑን ሙሉ ስላይድ የሚያነብ፣ ተውሳክ የሚቆጥር ሰው።

አቆጣጠሩም በስፍር ነው። ባለሙያው 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላለት ተውሳኩን ይቆጥራል፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 8,000 ነጭ ሴል አለ ተብሎ ስለሚታሰብ የቆጠረውን በ40 ያባዛል። 50 ተውሳክ የቆጠረ ሰው «2,000» ብሎ ይጽፋል። «ወባ አለበት» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «2,000 ነበረ፣ በሦስተኛው ቀን ዜሮ ሆነ» ማለት ግን መድኃኒቱ መሥራቱን የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ከ1964 እስከ 1974፦ የወንዙ እንቁላል

የይፋት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሕይወት የሚሰጠው ውኃ በሽታም ያመጣል። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ ወደ መካከለኛው አዋሽ ሲወረድ ግን የሽንት ፊኛው ዓይነት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በካርታ ላይ አይታይም፤ በእንቁላሉ እሾህና በመጠኑ ይታያል።

የዚህ ዘመን ታላቅ ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ቀንድ አውጣ ከሌለ ቢልሃርዚያ አይተላለፍም። በ1966 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የዚህ ምርምር ቤት ሆነ። በ1989 አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ሐሳቡ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው በቆጠራ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ በሽታው ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ሰገራ መርምሮ እንቁላል የሚቆጥር ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ታላቅ ግኝት መልካም ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1972 የብራዚል ተመራማሪዎች የጃፓኑን የካቶን ዘዴ አሻሽለው ካቶ ካትዝ የሚባለውን መንገድ አወጡ። ቀዳዳ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት፤ ቀዳዳዋ ሲሞላ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ትይዛለች። በውስጡ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ይገኛል። ከ100 በታች ከሆነ ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ይህች ቀዳዳ የቢልሃርዚያ ቁና ናት። በሸዋ ሮቢት የተቆጠረ እንቁላል በብራዚል ከተቆጠረው ጋር ሊተያይ የቻለው በእርሷ ነው።

ከ1970 እስከ 1991፦ ሚሊሜትር የሰውን ዕጣ ስትወስን

በዚሁ ጊዜ ልኬት በዕጢ ምርመራ ላይ ታላቅ ሥልጣን አገኘ። በ1970 አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት አሌክሳንደር ብሬስሎው ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር ውፍረት በዓይን ሌንስ ማስመሪያ ለካ። ውፍረቱ ከ0.76 ሚሊሜትር በታች የሆነባቸው ታካሚዎቹ በሽታው አልተመለሰባቸውም። ከሚሊሜትር ያነሰች ርቀት ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት የምትወስን ሆነች። በማኅፀን በር ካንሰርም እንዲሁ ነው፤ ወደ ውስጥ የዘለቀው ጥልቀት 3 ሚሊሜትርን ወይም 5 ሚሊሜትርን ማለፉ የበሽታውን ደረጃና ሕክምናውን ይለውጣል።

ሌላው መታጠፊያ በ1981 መጣ። ፓቶሎጂስቶች ዕጢ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ ለማወቅ በ10 የእይታ ክበብ ውስጥ በመከፈል ላይ ያሉ ሴሎችን ይቆጥሩ ነበር። ኤሊስና ዋይትሄድ የተባሉት ባለሙያዎች ያ ክበብ ከማይክሮስኮፕ ማይክሮስኮፕ እስከ ስድስት እጥፍ እንደሚለያይ አሳዩ። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ማይክሮስኮፕ በ40 ኦብጀክቲቭ የሚያሳየው ክበብ ዲያሜትሩ 0.45 ሚሊሜትር ነው፤ 22 የተጻፈበት 0.55 ሚሊሜትር ያሳያል። በስፋት ሲሰላ 10 ክበብ በመጀመሪያው 1.6፣ በሁለተኛው 2.4 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሆናል። የአንዲት ሴት የጡት ዕጢ በአንዱ ማይክሮስኮፕ ዝግተኛ፣ በሌላው ፈጣን ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በ1991 ኤልስተንና ኤሊስ ያወጡት የጡት ካንሰር ደረጃ አሰጣጥ ቆጠራውን ከክበቡ ስፋት ጋር ያስተያያል፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መጻሕፍትም ቆጠራው በስኩዌር ሚሊሜትር እንዲጻፍ ይጠይቃሉ።

ይህ ጉዳይ ይፋትን በቀጥታ ይነካል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ናቸው። የፓቶሎጂ ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ ስለማይሰጥ ከቆላው የተወሰደ የዕጢ ናሙና ዳገቱን ወጥቶ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይጓዛል። አንዲት እናት ወረቀቷን ይዛ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስትሄድ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በሁለቱም ቤት አንድ ትርጉም ሊኖረው ይገባል።

ከ1998 እስከ 2021፦ ማይክሮስኮፑ አስፈላጊነቱን መልሶ አስመሰከረ

በ1990ዎቹ ማብቂያ የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን መግደል እንዳቃተው በኢትዮጵያ ታወቀ፤ ይህን የተናገረው ከሕክምና በኋላ የቀጠለው የተውሳክ ቆጠራ ነው። በምትኩ ፋንሲዳር የተባለው መድኃኒት ገባ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። በ2004 ኮአርተም የፋልሲፓረም መድኃኒት ሆነ፤ ቫይቫክስ ግን በክሎሮኪን መታከሙን ቀጠለ። ከዚህ በኋላ የትኛው ወባ እንደሆነ መለየት የትኛውን መድኃኒት መስጠት ማለት ሆነ።

በዚያው አሥር ዓመት ፈጣን መመርመሪያ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል እስከ ቀበሌ ወረደ። ብዙ ሕይወት አትርፏል። አንዳንዶች የማይክሮስኮፕ ዘመን አለፈ ብለው አሰቡ። በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ግን አንድ አሳሳቢ ነገር አወጣ፤ አንዳንድ የፋልሲፓረም ተውሳኮች መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን አጥተዋል። መመርመሪያው «የለም» ሲል ተውሳኩ ደሙ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ስውር ተውሳክ በተቀባ ደም ላይ ማየት የሚችለው የሠለጠነ ዓይንና የተስተካከለ ማይክሮስኮፕ ነው።

ዛሬ፦ የሚቀረን ሥራ

ታሪኩ ከአሸዋ ቅንጣት ተነሥቶ በብር ሽቦ፣ በመስታወት መስመር፣ በደም ሴልና በካቶ ካትዝ ቀዳዳ አድርጎ ይፋት ቆላ ደርሷል። በየእርምጃው የተፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ያየውን ሌላው እንዲያምነው።

የሚቀረው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማይክሮስኮፕ የሚገዛ ሁሉ ስቴጅ ማይክሮሜትር አብሮ ይግዛ፤ አንዱ ስላይድ ለብዙ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። የእያንዳንዱ ኦብጀክቲቭ ስፍር በወረቀት ተጽፎ ከማይክሮስኮፑ ጎን ይለጠፍ፤ ሌንስ ሲቀየር እንደገና ይለካ። በዕጢ ውስጥ በመከፈል ላይ ያሉ ሴሎችን የሚቆጥር ሁሉ ውጤቱን በስኩዌር ሚሊሜትር ይጻፍ። የጤና ኮሌጆች ለተማሪዎቻቸው መለካትን ከማየት ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ያስተምሩ።

የቀይ ደም ሴል ስፋት በሸዋ ሮቢትም በአዲስ አበባም 7.5 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ለቆላው ገበሬና ለከተማው ነዋሪ የሚሰጠው ምርመራም በአንድ መስፈሪያ የተሰፈረ ይሁን።